የሰባተኛው ረድፍ አቧራ

«ይቺን መኪና እስከ ግንቦት ባላደርስ ኮራሊ አትበሉኝ» አለች ኮራሊ፣ የሾርባ ማንኪያዋን እንደ ጎራዴ ቀስራ።

እናቷ ማርጆሌን ቀና ብላ አላየቻትም። ቀኑን ሙሉ ሽማግሌና አሮጊት ስታነሳ ስታስተኛ የዋለች ሴት አንገት በዋዛ ቀና አይልም። ዳቦዋን አተር ሾርባው ውስጥ ነክራ እስኪርስ ጠበቀችና «ስምሽ ይቆይሽ፤ ፍሬኑ ላይ ዘይት እንዳትረጪ ብቻ» አለች።

«እሱንማ የአምስት ዓመት ልጅ ሆኜ ነው ያወቅኩት።»

«የአምስት ዓመት ልጅ ሆነሽማ ግራሶ ዳቦ ላይ ቀብተሽ በልተሻል።»

ኮራሊ ማንኪያዋን ዝቅ አደረገች። ዕድሜዋ አሥራ ሰባት ነው። በትምህርቱ እንደ ነገሩ ናት፤ በምላስ ግን መንደሩን በሙሉ ታስከነዳለች።

ነገሩ ግን የቀልድ አልነበረም። መኪናዋ የአያቷ የአዴላር የነበረች አረንጓዴ ፒክአፕ ናት። አረንጓዴ የሚሏት በትዝታ ነው እንጂ ቀለሙ ከሄደ ቆይቷል። ዕድሜዋ አሥራ ዘጠኝ፤ ኮራሊን በሁለት ዓመት ትበልጣለች። እዚያ በሰሜን ኬቤክ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ መንገዱ ላይ ጨው ይበተናል። ጨው ደግሞ በረዶውን አቅልጦ አይጠግብም፤ ዞሮ የመኪናውን ሆድ ይበላል። ከላይ ሲያዩዋት ደህና የምትመስለው መኪና ከታች ወንፊት ሆና ትገኛለች። በሐምሌ አንድ የከተማ መካኒክ አረንጓዴዋን በክሪክ አንስቶ የግራውን ሻንሲ በካቻቢቴ ወጋ ቢያደርገው ካቻቢቴው ግማሽ ድረስ ገባ። ሰውዬው አውጥቶ በሱሪው ጠረገውና «በደንብ ዘይት ከጠጣች አንድ ክረምት ታወጣ ይሆናል፤ ሁለተኛውን አትጠይቂኝ» አላት ማርጆሌንን።

አንድ ክረምት ይበቃል። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ እየተሠራ ያለው የአረጋውያን መጦሪያ በግንቦት ይከፈታል፤ የማርጆሌን የዝውውር ደብዳቤም መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ከግንቦት ወዲያ ሥራዋ የአሥር ደቂቃ የእግር መንገድ ነው። እስከዚያ ግን ሰባ ኪሎ ሜትር መሄጃ፣ ሰባ ኪሎ ሜትር መመለሻ። አውቶቡስ የለ፤ ሰው በየቀኑ አይለመን። የካቲት መሀል ላይ የመኪናዋ ወገብ ከተቆረጠ ሥራው ይሄዳል፤ ሥራው ከሄደ ዝውውሩም አብሮ ይሄዳል። ማርጆሌን ይህን አንድ ጊዜ ተናግራዋለች። ሁለተኛ ለመናገር ደክሟት ተወችው።

እስከ አምና ድረስ መኪናዋን ዘይት መቀባት የሁለት ወንድማማቾች ሥራ ነበር። አዴላርና ታናሻቸው ሮዜር በየጥቅምቱ በሮዜር ጎተራ ውስጥ ከተቆፈረው ጉድጓድ ላይ ያቆሟታል። አዴላር ጉድጓዱ ውስጥ ወርደው በመርጫ ዘይት ይረጫሉ፤ ሮዜር ከላይ ሆነው ማንም የማይሰማውን ትዕዛዝ ያወርዳሉ። ሲያበቃ አዴላር ዘይቱ ገና እየተንጠባጠበ አስነስተዋት፣ ሰባተኛው ረድፍ በሚሉት የጠጠር መንገድ ላይ ያበሯታል። አቧራው እየቦነነ ዘይቱ ላይ ይለጠፍና ዱቄት ላይ እንደተንከባለለ ዓሣ ቅርፊት ያበጃል። ያ ቅርፊት ዘይቱን ክረምቱን ሙሉ ይዞ ያቆየዋል። «ዘይት ሥጋዋ፣ አቧራ ቆዳዋ» ይሉ ነበር አዴላር። በመጋቢት ሞቱ። መሬቱ በውርጭ እንደ ድንጋይ ደርቆ ስለነበር የተቀበሩት በግንቦት ነው።

ሮዜር ደግሞ ሳንባቸው አርጅቷል። ሰባተኛው ረድፍ የሚጀምረው ከአጥራቸው ሥር ነው። ዘንድሮ ግንድ የጫኑ ከባድ መኪኖች ሲመላለሱበት ስለከረሙ አቧራው በመስኮት እየገባ ሲያስላቸው ከረመ። ኮራሊ በመስከረም ደብተር ይዛ ቤት ለቤት ዞረች። የመንደሩ ምክር ቤት መንገዱ ላይ አቧራ ማስተኛ እንዲያስረጭ የሚጠይቅ ማመልከቻ ነበር። የመጀመሪያው ፊርማ የራሷ ነው፤ የሦስት ሰው ቦታ ይዞ ተንፈላሷል። አርባ አንድ ፊርማ ሰበሰበች፤ ስብሰባው ላይ ቆማ አነበበችው። ምክር ቤቱ «እናየዋለን» አለ። «እናየዋለን ማለት አፈር ስንለብስ እናየዋለን ማለት ነው» ብላ ወጣች። ከዚያ ወዲህ አላነሳችውም፤ ፊርማዎቹን ስለመሰብሰቧ ካልሆነ በቀር።

ማክሰኞ ዕለት ሮዜር ለሳንባ ምርመራ ወደ ከተማ ሲሄዱ የጎተራውን ቁልፍ ሰጧት። እስከ አርብ ልጃቸው ዘንድ ይሰነብታሉ።

«ትዕዛዙ አሥር ነው» አሉ። «ሙሴም የተቀበለው ይህንኑ ያህል ነው፤ በዛብኝ እንዳትዪ።»

በጣታቸው እየቆጠሩ ነገሯት። ፍሬኑን ሸፍኚ። ማርሚታውን ሸፍኚ። የተላላጠውን ዝገት አስቀድመሽ በሽቦ ብሩሽ አራግፊ። ውሃ የሚወጣባቸውን ቀዳዳዎች እንዳትደፍኚ። የግራውን ሻንሲ ሦስት ጊዜ አጠጪው። እንዲህ እያሉ ዘጠኝ ደረሱ። አሥረኛው ላይ ሳል ያዛቸው። ኮራሊ ወደ ጣሪያው እያየች ጠበቀቻቸው።

«አሥረኛው» አሉ ሲመለስላቸው፣ «ቀብተሽ ስትጨርሺ በሰባተኛው ረድፍ ንጂያት። በመስታወት ኋላሽን እይ። የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት በአቧራ ካልተሸፈነብሽ ተመለሺ። ሌላ ቀን ይሁን።»

«ገባኝ አጎቴ። ስንቴ አይቼዋለሁ።»

«ማየትማ ድመቴም አይታለች።»

የማንኪያው ፉከራ ሐሙስ ማታ ነው። አርብ ትምህርት አልነበረም። ማርጆሌን ጎህ ሳይቀድ ጆስሊን በምትባል የሥራ ጓደኛዋ መኪና ሄደች፤ ሲመለሱ ሮዜርንም ይዘው ይመጣሉ። ኮራሊ የአያቷን ቱታ እጅጌውን አጥፋ ለበሰች። ቱታው አሁንም አያቷን አያቷን ይላል፤ ትምባሆና ናፍጣ። ፒክአፗን በቀስታ ነድታ ጉድጓዱ ላይ አቆመችና ወረደች።

መኪና ከታች ስትታይ ሌላ ፍጡር ናት። የአቧራው ቅርፊት ሽፋን በሽፋን ሆኖ ተጋግሯል፤ አንዱ ቀላ ያለ፣ አንዱ ግራጫ፣ አንዱ ጥቁር። እያንዳንዱ ሽፋን የአንድ ዓመት ጥቅምት ነው፤ እያንዳንዱ ጥቅምት አያቷ መስኮቱን ከፍተው እያፏጩ የነዱበት ቀን ነው። የላላውን አራገፈች፤ ጠንክሮ የያዘውን ተወችው። ግማሹ አቧራ ዓይኗ ውስጥ ገባ። የግራው ሻንሲ ዘንድ ስትደርስ በአውራ ጣቷ ነካ አደረገችው። እንደ ደረቀ ኬክ ተፈረፈረ። እጇን ቶሎ ሰበሰበች፤ ያላየች መሰለች።

ከዚያ ዘይቱ መጣ። አሥራ ሁለት ሊትር ነበር። እጅ ወደ ላይ ተዘርግቶ የሚሠራ ሥራ ክፉ ነው፤ መርጫው ሲያነሱት ቀላል፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ የጥጃ ክብደት ይኖረዋል። ዘይቱ በእጅጌዋ ወርዶ ክርኗን አለፈ፣ ብብቷ ደረሰ። በአንገቷ ገባ። ጆሮዋ ውስጥም ገባ። እኩለ ቀን ላይ ክንዷ ማበጠሪያ እንኳ የሚያነሳ አልነበረም። አይብና ዳቦዋን ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ተቀምጣ በላች። ዘይት ዘይት ይላል፤ ግን በላችው። ተመልሳ ወረደች። በሮቹን ረጨች፤ ፓራፋንጎውን ረጨች፤ የግራውን ሻንሲ ሦስት ጊዜ አጠጣች፣ አራተኛ ጨመረችለት። ዘጠኙን ትዕዛዝ አንድ በአንድ ፈጸመች። በዚህ ማንም አያማትም።

አሥረኛው ቀረ። መስኮቱን እንደ አያቷ ከፍታ ወደ ሰባተኛው ረድፍ ታጠፈች።

መንገዱ ጠቁሯል። ወዝቷል። ፀሐይ ሲያርፍበት ያብረቀርቃል። ሳምንቱን ሙሉ ጠብታ አልወረደም፤ ኮራሊ ግን «እዚህ ብቻ ዘንቦ ይሆናል» አለች ለራሷ። በመስታወት ወደ ኋላ አየች። ጉልላቱ እንደ መርፌ ቀጥ ብሎ፣ ጥርት ብሎ ይታያል። አቧራ የሚባል ነገር የለም።

እግሯን ከነዳጁ ላይ አነሳች። ሮዜር ተመለሺ ብለዋል። ግን ክንዷ ዝሏል፤ ነገ ደግሞ መኪናዋን እናቷ ትፈልጋታለች። ሌላ ቀን የሚባለው ቀን የት አለ? ደግሞስ እርጥብ ይሻላል። ዓሣም ቢሆን ረጠብ ሲል ነው ዱቄት የሚይዘው። አያቷ ይህን አላሰቡበትም እንጂ ቢያስቡበት በእርጥቡ ነበር የሚነዱት። እንዲህ እያለች የራሷን ክርክር በራሷ ረታችና ነዳጁን ረገጠች። እስከ እንጨት መሰንጠቂያው ሄደች፣ ተመለሰች። ደስ ስላላት ደገመች። ሠለሰች።

ስትወርድ ተንበርክካ አየች። ጭቃው ከጫፍ እስከ ጫፍ ተለጥፏል። ክፍተት የለውም፤ ቡናማ፣ እኩል፣ እንደ ተጠፈጠፈ ሊጥ። ስልኳን ከታች አስገብታ ፎቶ አነሳችና «አያቴ እንኳ እንዲህ አላሳመሩትም» ብላ ለእናቷ ላከች። ከአንድ ሰዓት በኋላ የአንድ አውራ ጣት ሥዕል መጣላት። ማርጆሌን ሥራ ላይ ሆና የምትጽፈው ረጅሙ ደብዳቤ ይህ ነው።

የጆስሊን መኪና ፀሐይዋ ወደ ጫካው ስታዘነብል ደረሰ። ማርጆሌን ወረደችና ወገቧን ይዛ ትንሽ ቆመች። ሮዜር ደግሞ ከመኪናው ወርደው በቀጥታ ወደ በረንዳቸው ሄዱ፤ ማክሰኞ ጠርገውት የሄዱትን የመስኮት ደፍ በጣታቸው አበሱ። ጣታቸውን አዩ። ገልብጠው አዩት።

«አቧራ የለም» አሉ። «ሦስት ቀን ሙሉ ግንድ ሲመላለስበት አቧራ የለም።» ወደ መንገዱ ዞሩ። «አሃ። አስረጩታ። እዩት እንዴት እንደወዛ። እሮብ መሆን አለበት።»

እሮብ ኮራሊ ትምህርት ቤት ነበረች። ፊቷ በራ። «ሰሙኝ ማለት ነው። አርባ አንድ ፊርማ ቀልድ መሰላችሁ? እኔ እኮ—»

ሮዜር ግን እሷን መስማት ትተው አረንጓዴዋን ያያሉ። ፓራፋንጎው ሥር የተለጠፈውን ቡናማ ጭቃ ያያሉ። የኮራሊ ፈገግታ ጆሮዋ ሳይደርስ መሀል መንገድ ላይ ቆመ።

«በየት ነው የነዳሻት?» አሉ።

«በሰባተኛው።»

«ጉልላቱስ?»

ኮራሊ እጇን ቱታው ላይ ጠረገች። ሮዜር አንድ እጃቸውን ጎማው ላይ ደግፈው ቀስ ብለው አጎነበሱ፤ ከጭቃው በጥፍራቸው ቆንጥረው ምላሳቸው ላይ አኖሩ። አጣጣሙት። ወደ ጎን ተፉ።

«ጨው» አሉ።

«ምን ጨው? ገና በረዶ አልጣለ፣ ማን ይበትናል?»

«አቧራ የሚያስተኛው ምን ሊሆን ነው ታዲያ? የጨው ውሃ ነው። ጨው እርጥበት ይስባል፤ እርጥበቱ አቧራውን ያስተኛል። አንቺ ምን እንዲያስረጩልሽ ነው የፈረምሽው፣ ጸበል?»

ከጎተራው በር ላይ የተደፋ ባልዲ ነበር፤ ማርጆሌን እሱ ላይ ተቀመጠች። አልጮኸችም። ብትጮህ ለኮራሊ በቀለላት።

«ስንቴ ነዳሽባት?» አለች።

«ሦስቴ።»

«አንዴ አይበቃም ነበር?»

«ለማሳመር ነዋ።»

ማርጆሌን ዓይኗን ጨፍና ከፈተች። «ነገ ጎህ ሲቀድ እወጣለሁ» አለች። ለማን እንደተናገረችው አይታወቅም፤ ምናልባት ለእግሮቿ ነው።

ሮዜር መኪናዋን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ። «እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ» አሏት፤ ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞሩ። «በዚህ ላይ ሌሊቱን ካደረች ጨው ከዘይቱ ጋር ተጋብቶ ሻንሲው ውስጥ ጎጆ ይወጣል። ሳይመሽ፣ ውሃው በረዶ ሳይሆን፣ መታጠብ አለባት። ሙቅ ውሃ። ብዙ።»

ታጠበች። ኮራሊ ከወጥ ቤቱ እስከ ጎተራው በባልዲ ተመላለሰች፤ ሃያ ድረስ ቆጥራ ተወችው። ማርጆሌን የሥራ ልብሷን ሳትቀይር የአባቷን አሮጌ ካፖርት ደርባ ጉድጓዱ ውስጥ ወረደችና ውሃውን ከባልዲው እየሳበ የሚረጨውን ቧንቧ ያዘች። የቆሸሸው ውሃ በፊቷ ላይ ይወርዳል። ጭቃው ሲሄድ ዘይቱም አብሮ ሄደ፤ የኮራሊ የቀን ሙሉ ልፋት በጉድጓዱ ማፍሰሻ በኩል እየተንቆረቆረ ወረደ። ሮዜር ከላይ ቆመው እያሳላቸው ያዛሉ።

«ወደ ቀኝ። አንቺ ማርጆ፣ ወደ ቀኝ።»

«የእኔ ቀኝ ነው የእርስዎ?»

«የመኪናዋ።»

«አባዬ እንዴት ቻለዎት እንዲያው?»

«አይሰማኝም ነበር። እሱ ነው ሚስጥሩ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ማርጆሌን ሳቀች፤ ሳቁ ከአፍንጫዋ አልፎ አልሄደም።

ሌላው ጣጣ ማድረቁ ነበር። ውሃ ላይ ዘይት መቀባት ውሃውን ክዳን መክደን ነው አሉ ሮዜር። በኮምፕሬሰሩ አየር ነፉባት። የጋዝ ማሞቂያውን ከጎን አስጠጉ። የግራው ሻንሲ ግን እንደ ስፖንጅ ውሃውን ይዞ አልለቅ አለ፤ ስለዚህ ማርጆሌን ወደ ቤት ሄዳ የፀጉር ማድረቂያዋን ይዛ መጣች። ጉድጓዱ ደረጃ ላይ ተቀምጣ፣ ራሷን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ ማድረቂያውን ወደ ሻንሲው ደገነች።

«ፀጉሬን ካደረቅሁበት ዓመት ሆኖኛል» አለች። «ለእሷ ይድረሳት።»

ኮራሊ በዚያኛው በኩል በጨርቅ ታብሳለች። አንድ ነገር ልትል ትፈልጋለች፤ ይቅርታ የሚባለው ቃል ግን አፏ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ሌላ ነገር ይሆንባታል። «አጎቴ ሮዜርን እንዳያስላቸው ብዬ እኮ ነው» አለች በመጨረሻ።

ኮራሊ ጎንበስ ብላ አየቻት። ማርጆሌን ተኝታለች። ማድረቂያው በእጇ እንዳለ ይነፋል፤ ክንዷ ዝቅ ብሎ አየሩ የራሷን ጫማ ያደርቃል። የጫማው ክር ተፈቷል፤ ቁርጭምጭሚቷ አብጦ ከካልሲው ወጥቷል። ኮራሊ ክርኗን ሳትነካ ማድረቂያውን ከጣቶቿ ውስጥ አላቀቀችና ወደ ሻንሲው መለሰችው። እስኪደርቅ ድረስ አንዴም አልተናገረችም። ለኮራሊ ይህ ራሱ አንድ ሥራ ነው።

ሲደርቅ ደግሞ ዘይት የለም። አሥራ ሁለቱም ሊትር አልቋል፤ ሱቁ ተዘግቷል። ኮራሊ ባዶዎቹን ጣሳዎች አንድ በአንድ አንቀጠቀጠች። ሮዜር ትንሽ ቆመው አሰቡ፤ ከዚያ በርጩማ አስጠግተው ከላይኛው መደርደሪያ ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለ ጣሳ አወረዱ። ክዳኑ ላይ በእርሳስ «የማርጆ» ተብሎ ተጽፏል። የአዴላር የእጅ ጽሑፍ ነው፤ ፊደሎቹ ሁሉ ወደ ግራ ያዘነብላሉ። አምና ለዘንድሮ ብለው የበጠበጡት ነው፤ አራት ሊትር ይሆናል።

ማርጆሌን ነቅታ ኖሮ አየችው። «ይቅር አጎቴ። ማስታወሻ ብለው ያስቀመጡት ነው።»

«ዘይት ነው እንጂ የቅዱስ አጥንት አይደለም» አሉ ሮዜር። «መደርደሪያ ላይ እንዲቀመጥ አይደለም የበጠበጠው። ያዢው አንቺ ኮራሊ። ሻንሲውን ብቻ። በሮቹና ፓራፋንጎው ባላቸው ይኑሩ።»

ኮራሊ ሻንሲውን ብቻ ቀባች። በመርጫ አይደለም፤ እንዳይባክን በብሩሽ፣ በጣቷም ጭምር። ከአያቷ ጣሳ አንዲት ጠብታ መሬት አልነካችም።

«አሁን ቆዳ ያስፈልጋታል» አሉ ሮዜር ሲያልቅ።

«አቧራ የታለ? መንገዱ ሁሉ ጨው ነው።»

«በረንዳዬ ሥር። ደረጃው ሥር። ሰገነቱ ላይ። በጋውን ሙሉ ስውጠው የነበረው አቧራ የት የሄደ መሰለሽ? በፊርማ ያባረርሽውን በመጥረጊያ ፈልጊዋ።»

ፈለገችው። አፏን በሻሽ አስራ በረንዳው ሥር በደረቷ ተሳበች፤ ደረጃውን ጠረገች፤ ሰገነቱ ላይ ወጥታ የሸረሪት ድሩን ሁሉ በፀጉሯ ሰበሰበች። የበጋው ሰባተኛ ረድፍ በሁለት ባልዲ ሞላ፤ ጨው ያልነካው፣ እንደ ዱቄት የላመ። ጉድጓዱ ውስጥ ወርዳ እፍኝ እፍኝ እየዘገነች ወደ ላይ ወረወረችው። ግማሹ ተለጠፈ፤ ግማሹ ራሷ ላይ ተመለሰ። ጎተራው በአቧራ ጨለመ። ሮዜር ወጥተው በር ላይ ቆሙ፤ ያም ሆኖ አሳላቸው።

አቧራው ሲሰክን ገብተው በባትሪ አዩ። ካቻቢቴ አላወጡም፤ ጣታቸውን ብቻ ሻንሲው ሥር ሰደዱ። ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው።

«ሚያዝያን ታያለች» አሉ። «ግንቦትን ግን አልፈርምም።»

«ዛሬ ጠዋት ብትታይስ ኖሮ?» አለች ማርጆሌን።

«ዛሬ ጠዋትማ ግንቦትንም ታይ ነበር።»

ማርጆሌን ሚያዝያና ግንቦትን በልቧ ስታሰላ ይታያል፤ ለስንት ቀን ጆስሊንን እንደምትለምን፣ ስንቱን የእረፍት ቀኗን እንደምታስገባበት። ከዚያ ማሰላቱን ተወችውና ከጉድጓዱ ጫፍ ላይ እግሯን አንጠልጥላ ተቀመጠች። ኮራሊ ከጎኗ ተቀመጠች። ከራስ ፀጉሯ እስከ ጫማዋ በዘይትና በአቧራ ተለውሳለች፤ እሷ ራሷ አሥር ክረምት አትዝግም። እናቷ ራሷን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች። ከበሩ ውጭ የመጀመሪያው በረዶ እንደ ነገሩ ጣል ጣል ማድረግ ጀምሯል።

ኮራሊ ዝም ለማለት ሞከረች። እግዜር ያውቃል፣ ሞክራለች።

«ቢሆንም» አለች ጥቂት ቆይታ፣ «በዚህ አገር በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ መኪና የቀባ ሰው ከእኔ በቀር የለም።»

ማርጆሌን ዓይኗን አልከፈተችም።

«ሌላው አንዴ ከቀባ ይበቃዋላ» አለች።